ሚድዌይ ላይ 41 ቶርፒዶ ጣይ ተነስቶ አንድም ያልመታው ለምንድን ነው?

ሰላሌ88

ቀኖቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ጁን 4 ቀን 1942 ጠዋት፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው ሚድዌይ ደሴት አካባቢ በተደረገው ውጊያ፣ ከሦስት የአሜሪካ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች 41 ዲቫስቴተር ቶርፒዶ ጣዮች ተነሱ፤ ከሆርኔት 15፣ ከኢንተርፕራይዝ 14፣ ከዮርክታውን 12። ከ35 የማያንሱት ጠፉ። የሆርኔቶቹ 15ቱም ወደቁ፤ ከ30 ሰው የተረፈው አንድ ነው። ጃፓን መርከብ ላይ የፈነዳ ቶርፒዶ ግን የለም። ከዚያ ስድስት ወር ቀደም ብሎ ጃፓኖች በ40 ቶርፒዶ ጣይ ፐርል ሃርበር የተሰለፉትን ባትልሺፖች አጋድመዋል፤ ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ ከማላያ ምሥራቃዊ ጠረፍ ማዶ የእንግሊዝን የጦር መርከቦች ፕሪንስ ኦፍ ዌልስንና ሪፐልስን አሰጥመዋል።

የተለመደውን መልስ አውቀዋለሁ፦ አውሮፕላኑ አሮጌ ነበር፣ አጃቢ አልነበረውም። ያ ለምን እንደወደቁ ይነግረኛል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፤ ቶርፒዶ እስከ መጣል የደረሱት ለምን ሳቱ?

ቀመረኛ

ጥያቄህ ውስጥ አውሮፕላኑን ትተህ ቶርፒዶውን ብቻ ተመልከት። የአሜሪካኖቹ ቶርፒዶ ማርክ 13 ክብደቱ አንድ ቶን ገደማ ነው፤ ውሃ ውስጥ የሚሄደው በ33.5 ኖት። በጦርነቱ መጀመሪያ የተፈቀደው የመጣያ ከፍታ 15 ሜትር ገደማ፣ የመጣያ ፍጥነት ደግሞ 110 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 204 ኪሎ ሜትር ነበር። ከዚያ ካለፍክ ውሃው ሲመታው መሪው ይጣመማል፣ ወይ ሞተሩ ሳይነሳ ይሰምጣል፣ ወይ ከመስመሩ ይወጣል።

አሁን አስላው። 33.5 ኖት በሰከንድ 17.2 ሜትር ነው። ከ1,000 ሜትር ርቀት ከጎን ብትጥለው ለመድረስ 58 ሰከንድ ይፈልጋል። በ30 ኖት የሚሮጥ መርከብ በዚያ 58 ሰከንድ ውስጥ 900 ሜትር ያህል ይሄዳል። ካፒቴኑ ቶርፒዶው ውሃ ሲነካ ያያል፤ ወደ አንድ ወገን መሪ ለማዞር ጊዜ ተርፎታል።

ከኋላ ከመጣህማ ነገሩ አለቀ። የፍጥነቱ ልዩነት 3.5 ኖት ብቻ ስለሆነ 1,000 ሜትሩን ለመዝጋት ከ9 ደቂቃ በላይ ያስፈልገዋል። እስከዚያ ቶርፒዶው ከ9 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ አለበት፤ ነዳጁ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ያልቃል። ጃፓኖቹ ሚድዌይ ላይ ያደረጉትም ይኸው ነው። ቶርፒዶ ጣይ ባዩ ቁጥር ጀርባቸውን ይሰጡታል፤ አብራሪው ከጎን ለመውጣት በ110 ኖት ረጅም ዙሪያ ሲዞር ዜሮ የሚባሉት የጃፓን ተዋጊ አውሮፕላኖች ደግመው ደጋግመው ይመላለሱበታል።

የምጽዋ_ልጅ

ይህ ለክፍት ባሕር ነው። ወደብ ውስጥ ችግሩ ይገለበጣል፤ መርከቡ ቆሟል፣ ግን ውሃው አይጠልቅም። ከአውሮፕላን የተጣለ ቶርፒዶ መጀመሪያ ቁልቁል ይጠልቅና ከዚያ ነው ቀና የሚለው። ያኔ 30 ሜትር መጥለቅ የተለመደ ነበር። 12 ሜትር ውሃ ውስጥ ብትጥለው ጭቃው ላይ ተተክሎ ይቀራል።

ይህን በጦርነት መጀመሪያ ፈትተው ያሳዩት እንግሊዞች ናቸው፤ ኖቬምበር 11 ቀን 1940 ማታ፣ የጣሊያን የጦር ወደብ ታራንቶ ላይ። ከተሸካሚ መርከቧ ኢላስትሪየስ የተነሱት 21 ስዎርድፊሽ አውሮፕላኖች በሸራ የተለበጡ፣ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ ናቸው። ቶርፒዶ የያዙት 11 ብቻ ሲሆኑ የቀሩት ቦምብና ፍሌር ነበራቸው። ተጨማሪ የነዳጅ ታንክ መሃል ላይ ስለገባ ሦስተኛው ሰው ቀርቶ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የበረሩት።

ዘዴው ቀላል ነው። አውሮፕላኑ አፍንጫ ሥር ሽቦ የተጠቀለለበት ማጠንጠኛ ይታሰራል፤ የሽቦው ጫፍ የቶርፒዶው አፍንጫ ላይ ነው። ቶርፒዶው ሲለቀቅ ሽቦው እየተተረተረ አፍንጫውን ቀና አድርጎ ይይዘዋል፤ ስለዚህ በጭንቅላቱ ሳይሆን በሆዱ ያርፋል። የሩጫው ጥልቀት 10 ሜትር ገደማ ላይ ተሞላ፤ የጣሊያኖቹ መከላከያ መረብ ከዚያ በታች ስለማይወርድ ቶርፒዶው በሥሩ ያልፋል። መረቡ ራሱ ከሚያስፈልገው ሲሶው ብቻ ነበር የተዘረጋው። አውሮፕላን ለመከላከል በገመድ ከተሰቀሉት ባሉኖችም አብዛኞቹን ነፋስ ወስዷቸው ነበር።

ከ11 ቶርፒዶ 5 የጣሊያን ባትልሺፖችን መታ፤ ሊቶሪዮ ሦስት፣ ዱሊዮ አንድ፣ ካቩር አንድ። የጠፋው ሁለት አውሮፕላን ነው። ካቩር ዳግመኛ ለውጊያ አልወጣችም።

ወደ እኛ ባሕር ስንመጣ፣ ያው ስዎርድፊሽ ምጽዋንም ጎብኝቷል። ኤፕሪል 3 ቀን 1941፣ ከተማዋ ልትያዝ አምስት ቀን ሲቀራት፣ የኢግል መርከብ ስኳድሮኖች ከፖርት ሱዳን የብስ ተነስተው ከምጽዋ የወጡትን የጣሊያን ዲስትሮየሮች ባሕር ላይ አገኟቸው። ናዛሪዮ ሳውሮና ዳንኤሌ ማኒን ሰጠሙ። መሣሪያው ግን ቶርፒዶ አልነበረም፤ ቦምብ ነው። ዲስትሮየር ፈጣን ነው፣ ብዙ ውሃ ውስጥም አይገባም፤ በደንብ ያልተሞላ ቶርፒዶ ከሥሩ ሊያልፍ ይችላል። ገላውም ስስ ስለሆነ ትልቅ ቦምብ አይፈልግም።

ክንፈ_ብረት

ጃፓኖቹ ሽቦ አልተጠቀሙም። ዓይነት 91 የሚባለው ቶርፒዷቸው 45 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ 838 ኪሎ ክብደት፣ 205 ኪሎ ፈንጂ፣ 42 ኖት ፍጥነት። ዋናው ብልሃት ያለው ጎኑና ጭራው ላይ ነው፤ ሁለት ነገር ልለይላችሁ።

አንደኛው መሽከርከሩን ማቆም ነው። ቶርፒዶ በአየር ላይ እያለ በራሱ ዘንግ ዙሪያ ከተንከባለለ ውሃ ሲገባ የጥልቀት መሪው ወደ ጎን ዞሮ ይገኛል። ያን ጊዜ «ቀና በል» የሚለው ትዕዛዝ «ወደ ግራ ታጠፍ» ይሆንና ቶርፒዶው ሳይቃና ወደ ታች ይሄዳል። ዓይነት 91 ጎኑ ላይ በጃይሮስኮፕ የሚታዘዙ ትናንሽ ክንፎች ስላሉት ቀጥ ብሎ ይወድቃል።

ሁለተኛው ጭራው ላይ የሚገጠመው የእንጨት ማረጋጊያ ነው። በአየር ላይ አፍንጫው የሚገባበትን ማዕዘን ይጠብቃል፤ ውሃ ሲነካ ተሰብሮ ይቀራል። ፐርል ሃርበር 12 ሜትር ገደማ ጥልቀት ስለነበረው የጎኖቹም ክንፎች በእንጨት ረዘም ተደርገዋል። ልምምዱ ካጎሺማ የባሕር ሰላጤ ላይ ነበር፤ ከ20 ሜትር በማይበልጥ ከፍታ።

አንድ የማይነሳ ነገር፦ ፐርል ሃርበር ላይ ባትልሺፖቹ ሁለት ሁለት ሆነው ተጠግተው ስለታሰሩ ቶርፒዶ የሚደርሰው በውጭ በኩል ላሉት ብቻ ነው። ለውስጦቹ 49 ቦምብ ጣዮች ከ3,000 ሜትር ገደማ ሆነው የ40 ሴንቲ ሜትር የመርከብ መድፍ ጥይት ወደ ቦምብ ተቀይሮ የተሠራ 800 ኪሎ ቦምብ ይዘው መጡ። አሪዞናን የበላው እሱ ነው። ሁለት የተለያየ መሣሪያ፣ ሁለት የተለያየ ከፍታ፣ ለሁለት የተለያየ ዒላማ።

ደጀን_ት

ሰላሌ፣ ስለ ሪፐልስ ያነሳኸውን ልጨምርበት፤ ምክንያቱም እዚያ የሞተው መርከብ ቆሞ አልነበረም። ዲሴምበር 10 ቀን 1941 ሪፐልስ 19 ያህል ቶርፒዶ እየተጠማዘዘ አምልጧል። ካፒቴኑ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ የቶርፒዶውን ጭረት አይቶ አፍንጫውን ወደሱ ያዞራል፣ ያን ጊዜ የሚታየው ወርዱ ብቻ ይሆናል። የተያዘው ከሁለት ወገን በአንድ ጊዜ ሲመጡበት ነው።

ይህን ነው አሜሪካኖቹ «መዶሻና ሰንጋ» የሚሉት። አሥራ ሁለት አውሮፕላን ካለህ ስድስቱ ከአፍንጫው በስተቀኝ፣ ስድስቱ በስተግራ፣ ሁለቱም በ45 ዲግሪ ገደማ ይቆማሉ። መርከቡ ወደ ቀኞቹ ቢያዞር ለግራዎቹ ሙሉ ጎኑን ሰጠ፤ ወደ ግራ ቢያዞር ለቀኞቹ። የሚበላሸው ጊዜው ላይ ነው። አንደኛው ወገን አንድ ደቂቃ ከዘገየ መርከቡ የመጀመሪያውን አምልጦ ለሁለተኛው ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል፤ ሁለት ደካማ ጥቃት ሆነ ማለት ነው። ሜይ 8 ቀን 1942 ኮራል ባሕር ላይ ሌክሲንግተን በዚህ መንገድ ሁለት ቶርፒዶ በግራ ጎኗ ተቀበለች፤ ግዙፍ ስለሆነች ቶሎ አትታጠፍም።

ይህን ለማድረግ አጥቂው ከዒላማው በጣም መፍጠን አለበት። በ110 ኖት ሆነህ በ30 ኖት ከሚሸሽ መርከብ ፊት ለፊት ለመድረስ መሞከር ዲቫስቴተሮቹን የጨረሳቸው ነው። አጃቢ ቢኖራቸውም የቶርፒዶው ቀመር አይቀየርም ነበር።

ሰላሌ88

ገባኝ። ግን ዘወትር የሚነገረው «ቶርፒዶ ጣዮቹ ዜሮዎቹን ወደ ባሕሩ ስላወረዷቸው ከከፍታ ቁልቁል እየወረዱ ቦምብ የሚጥሉት ዳይቭ ቦምበሮች ያለ ከልካይ ገቡ» የሚለውስ?

ክንፈ_ብረት

በከፊል። ሰዓቱን እይ። የሆርኔት ቶርፒዶ ጣዮች የሞቱት 3 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው፤ ዳይቭ ቦምበሮቹ የደረሱት ከ4 ሰዓት ከ20 በኋላ። አንድ ሰዓት ያህል አለ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ዜሮ ከባሕር ወለል ወደ 5,000 ሜትር ደጋግሞ መውጣት ይችላል። ከዳይቭ ቦምበሮቹ ጋር የተገጣጠሙት የዮርክታውን 12ቱ ናቸው፤ ሳች የሚባለው አብራሪ የሚመራቸው ስድስት ዋይልድካት ተዋጊ አውሮፕላኖችም አብረው ነበሩ፤ ሁለት ሁለት ሆነው እየተሻገሩ እርስ በርስ የሚጠባበቁበት ስልት በውጊያ መጀመሪያ የታየው ያኔ ነው። አብዛኛው ዜሮ እነሱ ላይ ተሰበሰበ።

የቀድሞዎቹ ጥቃቶች ጥቅም ሌላ ነው። መርከቦቹ ያለማቋረጥ ሲጠማዘዙ ቆዩ፤ ወለሉ ላይ የሚወርዱትና የሚነሱት ዜሮዎች ነበሩ፤ የጥቃት አውሮፕላኖቻቸው ነዳጅና መሣሪያ ሞልተው ታች ሃንጋር ውስጥ ቀሩ። ራዳርም አልነበራቸውም፤ ከላይ የሚመጣውን የሚያየው የሰው ዓይን ብቻ ነው።

ቀመረኛ

ዳይቭ ቦምቢንግ ለምን እንደሚሠራ በቁጥር ላሳይ። ከ6,000 ሜትር ቀጥ ብሎ የሚበር ትልቅ ቦምብ ጣይ የለቀቀው ቦምብ ለመውደቅ 35 ሰከንድ ይፈልጋል፣ የአየር ግጭትን ሳልቆጥር። በ30 ኖት የሚሮጥ መርከብ በዚያ ጊዜ ከ500 ሜትር በላይ ይሄዳል፤ ያውም እየታጠፈ። ሚድዌይ ላይ ቢ-17ዎቹ ከከፍታ የጣሉት አንድም ያልመታው ለዚህ ነው። ዶንትለስ ዳይቭ ቦምበር ግን ከ4,500 እስከ 6,000 ሜትር ጀምሮ በ70 ዲግሪ ይወርድና 500 ሜትር አካባቢ ይለቃል። ከዚያ ቦምቡ መርከቡ ላይ ለመድረስ ከአራትና ከአምስት ሰከንድ አይበልጥም። መሪ ለማዞር የሚሆን ጊዜ የለም።

ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። ከተቻለ ፀሐይን ከጀርባህ አድርገህ፣ በመርከቡ ርዝመት አቅጣጫ ትመጣለህ፤ ስህተት የሚበዛው በምትወርድበት መስመር ላይ ስለሆነ ርዝመቱ ይክስሃል። ጋዙን ትቀንሳለህ፣ የተበሳሳውን የክንፍ ፍሬን ከፍተህ ትገለበጣለህ፤ ፍሬኑ ፍጥነቱን 240 ኖት ገደማ ላይ ይይዘዋል። ቦምቡ ሆዱ ሥር ባለ የሚወዛወዝ ሹካ ላይ ነው፤ ሲለቀቅ ሹካው ወደ ውጭ ወርውሮ ከፕሮፔለሩ ክብ ያርቀዋል። ያ ሹካ ባይኖር በ70 ዲግሪ የለቀቅከው ቦምብ የራስህን ፕሮፔለር ነው የሚመታው።

የሚበላሸውስ? ከብርዱ ከፍታ ወደ እርጥቡ ሞቃት አየር ሲወረድ የማነጣጠሪያው መነጽር ላብ ይይዘዋል፤ ኮራል ባሕር ላይ ብዙ አብራሪ በጭጋግ ውስጥ ነው የለቀቀው። ሚድዌይ ላይ ደግሞ ከዮርክታውን 17 ዶንትለሶች አራቱ ቦምባቸውን መንገድ ላይ ባሕር ውስጥ ጣሉ፤ አዲስ የተገጠመው የኤሌክትሪክ ማብሪያ ፊውዙን (ማፈንጃውን) እንዲያዘጋጅ ሲጫኑት ቦምቡን ለቀቀው። አንደኛው የመሪያቸው የሌስሊ ነበር። ባዶ እጁን ቀድሞ ወርዶ በመትረየስ ተኮሰ።

የዒላማ ክፍፍልም ይከሽፋል። የኢንተርፕራይዝ ሁለቱም ስኳድሮን ካጋ የምትባለው የጃፓን ተሸካሚ መርከብ ላይ አንድ ላይ ወረዱ። የአንደኛው ስኳድሮን መሪ ቤስት ይህን አይቶ ከሁለት አውሮፕላን ጋር ተነጥሎ ሌላዋ ተሸካሚ አካጊ ላይ ሄደ፤ ሦስት ቦምብ፣ አንድ ቀጥተኛ ምት። የመሃል ሊፍቱ አጠገብ ወለሉን በስቶ ሃንጋሩ ውስጥ ነዳጅ የጠገቡ፣ ቶርፒዶ የታጠቁ አውሮፕላኖች መሃል ፈነዳ። አንድ 454 ኪሎ ቦምብ ብቻውን ያን የሚያክል መርከብ አያሰጥምም፤ ያገኘው ነገር ነው ያቃጠላት።

የምጽዋ_ልጅ

የጃፓን ዳይቭ ቦምበሮችንም አትርሷቸው። ኤፕሪል 5 ቀን 1942 ሕንድ ውቅያኖስ ላይ 53 ቫሎች ዶርሴትሻየርንና ኮርንዎልን በ20 ደቂቃ ገደማ አሰጠሙ። ክሩዘሮቹ የራሳቸው ተዋጊ አውሮፕላን ከላይ አልነበራቸውም።

ደጀን_ት

ቶርፒዶም ዳይቭም ሳይሆን ሦስተኛ መንገድ አለ፤ ለኔ ከሁሉም ብልህ የሆነው እሱ ነው። ስኪፕ ቦምቢንግ፤ ልጅ ጠፍጣፋ ጠጠር ውሃ ላይ እንደሚያዘልለው።

ኒው ጊኒ ላይ የአሜሪካው ጄኔራል ኬኒ ሰዎች ከፖርት ሞርስቢ ፊት ለፊት የተሰበረችውን ፕሩዝ መርከብ ዒላማ አድርገው ነው የተለማመዱት። ቢ-25 የሚባለው ቦምብ ጣይ ከ60 እስከ 75 ሜትር ዝቅ ብሎ በሰዓት ከ320 እስከ 400 ኪሎ ሜትር ይመጣል፣ 227 ኪሎ ቦምብ መርከቡ ደጃፍ ሲደርስ ይለቃል። ቦምቡ ወይ ዘልሎ ጎኑን ይመታል፣ ወይ በቀጥታ ይገባበታል። ማነጣጠሪያ መሣሪያ አያስፈልግም፤ መርከቡ መስኮቱን ሞልቶታል።

ሚስጥሩ ፊውዙ ነው፤ ከ4 እስከ 5 ሰከንድ የሚዘገይ። በዚያ ፍጥነት አውሮፕላኑ በ5 ሰከንድ ውስጥ 500 ሜትር ያህል ይርቃል። ከዚህ ካጠረ የራስህ ቦምብ ያፈነዳሃል፤ ከረዘመ ቦምቡ መርከቡን ዘልሎ ማዶ ይፈነዳል። ከፍ ብለህ ከለቀቅክ ቦምቡ አይዘልም፣ ይጠልቃል።

ግን በዚህ ዝቅታ የመርከቡ መትረየስ አይምርህም። ስለዚህ ጋን የሚባለው ሻለቃ የአነጣጣሪውን ቦታ ከአፍንጫው አውጥቶ 12.7 ሚሊ ሜትር መትረየሶችን ደረደረበት፤ አራት አፍንጫው ላይ፣ ሁለት ሁለት በየጎኑ፣ ስምንት። የጎኖቹ እሳት ቆርቆሮውን ስለሚቀደው ማጠናከሪያ ተለጠፈበት።

ማርች 3 ቀን 1943 ቢስማርክ ባሕር ላይ፣ ከራባውል ኒው ጊኒ ውስጥ ወዳለችው ላኤ ከተማ ስምንት የጃፓን የጭነት መርከብና ስምንት ዲስትሮየር 6,900 ወታደር ይዘው ይሄዳሉ። ከላይ ቢ-17ዎቹ ቦምብ ጥለው ሰልፉን በተኑ። ዝቅ ብለው የአውስትራሊያ ቦፋይተሮች መጡ፤ አራት ካኖን ከሆድ፣ ስድስት መትረየስ ከክንፍ። ካፒቴኖቹ ቶርፒዶ ጣይ መስሏቸው እንደ ትምህርታቸው አፍንጫቸውን አዞሩ፤ ያ ደግሞ መርከቡን ከጫፍ እስከ ጫፍ ለመትረየስ ሰጠው። ድልድዩ ላይ የነበሩትና ፀረ አውሮፕላን ተኳሾቹ ካለቁ በኋላ ቢ-25ዎቹ ገቡ። ከ37 ቦምብ 17 መታን አሉ። ከማርች 2 እስከ 4 ባሉት ቀናት ስምንቱም የጭነት መርከብና አራት ዲስትሮየር ሰጠሙ። ላኤ የደረሰው ወታደር 1,200 ያህል ነው።

ሰላሌ88

ማርክ 13ስ እንዲሁ ቀረ? ዲቫስቴተርን የተካው አቬንጀር እስከ ጦርነቱ መጨረሻ ቶርፒዶ ጥሏል።

ክንፈ_ብረት

በጣም ተሻሽሎ። በ1943 አጋማሽ ከ150 ኖት በላይ ሆነው የጣሏቸውን 105 ቶርፒዶዎች ሲመረምሩ በደንብ የሄደው 31 በመቶው ብቻ ነበር። ሲሶው ሞተሩ አልተነሳም፤ የቀረው ወይ ሰጠመ፣ ወይ ከጥልቀቱ ወይ ከመስመሩ ወጣ። ቶርፒዶውን አዲስ አልሠሩትም። ጃፓኖች ጭራው ላይ ያደረጉትን የሚመስል ነገር አደረጉ፦ አፍንጫው ላይ በአየር ውስጥ ፍጥነቱን 40 በመቶ ያህል የሚቀንስ፣ ውሃው ሲመታ ድንጋጤውን ወስዶ የሚሰበር የኮምፔንሳቶ ቀለበት፤ ለጭራው ለአየር የእንጨት ሳጥን፣ ለውሃ ደግሞ ፕሮፔለሮቹን የሚከብ የብረት ቀለበት። በ1944 አቬንጀር ከ240 ሜትር ከፍታ በ260 ኖት መጣል ቻለ። ለአብራሪው ልዩነቱ ግልጽ ነው፤ ማዕበል ላይ እየተጎተተ ከመምጣት ይልቅ ከደመና እየተንሸራተተ ወርዶ ለቅቆ ይወጣል።

ከዚያ ስልቱ ተከተለ። የጃፓኗን ግዙፍ ባትልሺፕ ሙሳሺን ኦክቶበር 24 ቀን 1944 ሲመቱ ቶርፒዶው ከሁለቱም ጎን ገባ፤ ውሃው ግራና ቀኝ ስለተመጣጠነ 19 ያህል ቶርፒዶና 17 ያህል ቦምብ እየተቀበለች ከጠዋት እስከ ማታ ተንሳፈፈች። እኅቷ ያማቶ ላይ፣ ኤፕሪል 7 ቀን 1945፣ ቶርፒዶውን ግራ ጎኗ ላይ አከማቹት። ተዋጊዎቹ በመትረየስ፣ ዳይቭ ቦምበሮቹ በቦምብ ተኳሾቹን ያስጎነብሳሉ፤ አቬንጀሮቹ ይገባሉ። ሚዛን ለመጠበቅ ጃፓኖቹ የቀኙን የሞተርና የቦይለር ክፍሎች በውሃ ሲሞሉ ፍጥነቷን ራሳቸው ቀነሱት። 11 ገደማ ቶርፒዶ በቃት፤ የመጀመሪያው ቦምብ ካረፈ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ተገለበጠች።

ቀመረኛ

የያማቶ ነገር ላይ አንድ ቴክኒካዊ ጭማሪ። የመጨረሻዎቹ የዮርክታውን አቬንጀሮች ቶርፒዷቸው የተሞላው ለ3 ሜትር ጥልቀት ነበር። መርከቧ ወደ ግራ ስትጋደል የቀኙ ጎን ወደ ላይ ወጣ፤ ከብረት ቀበቶው በታች ያለው ስስ ገላ ለዓይን ታየ። መሪያቸው ስቴትሰን በአየር ላይ እያሉ ከ5.5 እስከ 6.7 ሜትር እንዲቀየር አዘዘ። አቬንጀር ላይ ከኋላ ያለው ሰው ከውስጥ ሆኖ በእጁ ጥልቀቱን ማስተካከል ይችላል፤ ይህ ዓይነቱ ሥራ መሬት ላይ ብቻ በሚሠራበት አውሮፕላን ያ ዕድል ያልፍ ነበር።

የምጽዋ_ልጅ

ፊውዝ በጥድፊያ የተቀየረበት የእንግሊዞቹም አለ። ሜይ 26 ቀን 1941 የአርክ ሮያል ስዎርድፊሾች የጀርመኑን ባትልሺፕ ቢስማርክን ፍለጋ ወጥተው የራሳቸውን ክሩዘር ሼፊልድን አጠቁ። 11 ቶርፒዶ ጣሉባት፤ በማግኔት የሚፈነዳው ፊውዝ ማዕበሉ ውስጥ ገና ውሃውን ሲነካ ብዙዎቹን አፈነዳቸው፣ ሼፊልድም የቀሩትን አመለጠች። ተመልሰው ፊውዙን በግጭት ወደሚፈነዳው ቀየሩና በዚያው ምሽት 15 ሆነው ደግመው ወጡ። የቢስማርክን መሪ 12 ዲግሪ ወደ ግራ አጣብቆ ያስቀረው ከእነዚያ አንዱ ነው።

ሰላሌ88

እሺ፣ ሼፊልድን ባያገኟት ኖሮ ማግኔቱን ይዘው ነበር ቢስማርክ ላይ የሚሄዱት። ስለ ጃፓን ቶርፒዶ ጃይሮስኮፕ የጥገና ሥራ የሚያውቅ ካለ አዲስ ክር ልክፈት።